የተረፈውን ሽሮፕ ልስጠው ወይ? የአንባቢዎች ጥያቄና የፋርማሲስቷ መልስ

ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ አለይኩም የመጽሔታችን አንባቢዎች። በዚህ ወር ከደሴም ከኮምቦልቻም ከባቲም ከወልድያም ብዙ ጥያቄ ነው የመጣው፣ ሁሉንም ለማውጣት ቦታው ስለማይበቃ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁትን መርጫለሁ። ስም አላወጣሁም፣ አካባቢያችሁን ብቻ ነው የጻፍኩት። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ ሳላያችሁ በሽታችሁ ይሄ ነው ልላችሁ አልችልም፣ ስለ መድሃኒቱ ግን የማውቀውን ሳልሰስት እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። የ3 ዓመት ልጄን ሳል ይዞታል፣ ንፍጡ ይወርዳል፣ ማታ ማታ ትኩስ ይለዋል። ባለፈው ወር ለታላቁ የታዘዘ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ግማሹ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ ጎረቤቶቼም «ስጪው እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ» እያሉኝ ነው። የ8 ወር ሴት ልጅም አለችኝ፣ እሷንም ጀምሯታል፣ ለሷ ፌጦ በማር ላድርግላት ወይ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ግን ያንን ሽሮፕ ለማንም እንዳትሰጪ። የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ዱቄቱ አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ዕድሜው አጭር ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ በደንብ ቢቀመጥ እንኳ ቢበዛ 14 ቀን ነው፣ ያንቺው ደሞ ወር ሆኖታል። ሌላው ነገር፣ ግማሹ ተረፈ ማለት ታላቁ ልጅሽ የታዘዘለትን ሳይጨርስ ቆሟል ማለት ነው። ይሄ በብዙ ቤት ያለ ነገር ነው፣ ልጁ ሻል ሲለው ይቆምና ቀሪው «ለክፉ ቀን» ተብሎ ይቀመጣል፣ ክፉው ቀን ሲመጣ ግን ወይ መድሃኒቱ ተበላሽቷል ወይ ደሞ ለዚያ በሽታ የሚሆን አይደለም።

ሳል፣ ንፍጥና መጠነኛ ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ጉንፋን ነው፣ አንቲባዮቲክ ደሞ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ስለዚህ ሰጠሽውም አልሰጠሽውም ንፍጡ በሳምንት ገደማ ይተወዋል፣ ሳሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ብትሰጪው የሚተርፈው ተቅማጥና መድሃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ነው፣ ያ የለመደ ባክቴሪያ ደሞ ሌላ ቀን የሳንባ ምች ሆኖ ቢመጣበት አሞክሳሲሊኑ እምቢ ይላል፣ ያኔ የቀረው ምርጫ ውድ መርፌና የሆስፒታል አልጋ ነው። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ከሚያስፈሩኝ ነገሮች ሁሉ ይሄን የሚያክል የለም።

ጉንፋንና የሳንባ ምችን እንዴት ትለዪያለሽ ካልሽኝ ትንፋሹን በመቁጠር ነው። ልጁ ሲተኛ ወይም ጭንሽ ላይ ረጋ ብሎ ሲቀመጥ፣ እያለቀሰ ወይ እየጠባ ከሆነ አይሆንም፣ ልብሱን ገለጥ አድርጊና ሆዱን እዪ። ሆዱ አንዴ ተነስቶ ሲወርድ አንድ ትንፋሽ ነው። ስልክሽ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያዢና ቁጠሪ፣ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሰራም ምክንያቱም የልጆች ትንፋሽ እኩል አይሄድም። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለች ደሞ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። ሲተነፍስ ከጎድኑ ስር ደረቱ ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚል ከሆነ፣ መጠጣት ወይ መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንፈረፈረው ወይ ፈዝዞ አልነቃ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ሳትጠብቂ ሂጂ። ቆጠራውን የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በደንብ ያውቁታል፣ ካስቸገረሽ አሳዩኝ በያቸው። የሳንባ ምች ሆኖ ከተገኘ አሞክሳሲሊን ይታዘዝለታል፣ ግን በራሱ ኪሎ ተሰልቶ ነው።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ልኩ በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው፣ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ልጅሽ 14 ኪሎ ቢሆንና ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የሚል ከሆነ 7 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው፣ ሽሮፖቹ ግን ጥንካሬያቸው ስለሚለያይ ጠርሙሱን ሳታዪ እንዳትሰጪ። በቤት ማንኪያ አትለኪ፣ የአንዱ ቤት የሻይ ማንኪያ ከሌላው ቤት ጋር አይገናኝም፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከፋርማሲ ጠይቂና መስመሩ ላይ አብረን ምልክት እናድርግልሽ።

ማሩን በተመለከተ፣ ለ3 ዓመቱ ልጅ ማታ ከመተኛቱ በፊት አንድ ማንኪያ ማር ጥሩ ነው፣ ሳሉን ያበርድለታል። ለ8 ወሯ ግን በፍጹም፣ ዓመት ላልሞላው ህፃን ማር ትንሽም ቢሆን አይሰጥም፣ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ባክቴሪያ ህፃኑ አንጀት ውስጥ መርዝ ሰርቶ ሰውነቱን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ፌጦውም ያቃጥላታል ተይው። ለሷ ጡትሽን ቶሎ ቶሎ ስጫት፣ አፍንጫዋን አጽጂላት፣ ትንፋሿን ቁጠሪ። የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ የሚባሉትን ደሞ ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አልመክርም።

ጥያቄ፦ ከደሴ ፒያሳ አካባቢ ነኝ። ጥርሴን አሞኝ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ዳይክሎፌናክና አንቲባዮቲክ ስጡኝ ስል ማዘዣ አምጣ አሉኝ፣ ጨጓራ አለህ ወይ ሌላ መድሃኒት ትወስዳለህ ወይ ምናምን ሰው ፊት ጠየቁኝ፣ ተናድጄ ወጣሁ። ሌላ ቦታ ምንም ሳልጠየቅ ሰጡኝ። ገንዘቤን ይዤ ሄጄ ለምንድነው የምመረመረው?

መልስ፦ ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ የጥርስ ሕመም ላይ ሆኖ ጥያቄ መመለስ ከባድ ነው። ግን መጀመሪያ የጠየቀህ ሰው ስራውን ነው የሰራው። እስቲ እኛ ከባንኮኒው ጀርባ የምናደርገውን ልንገርህ። ማዘዣ ሲመጣ ዝም ብለን ከመደርደሪያ አንስተን አንሰጥም፣ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ለልጅ ከሆነ ኪሎውን እናያለን፣ ልኩ ትክክል ነው ወይ፣ አብረው የታዘዙት መድሃኒቶች ይስማማሉ ወይ፣ ሴት ከሆነች እርጉዝ ናት ወይ ታጠባለች ወይ እንላለን፣ ጽሑፉ ካልተነበበን ወይ ልኩ ካልገባን ለሐኪሙ እንደውላለን፣ ከዚያ ፖስታው ላይ አወሳሰዱን ጽፈን በቃል ደግሞ እንነግራለን፣ «እስቲ እንዴት ነው የምትወስደው መልሰህ ንገረኝ» የምንለውም ለዚህ ነው።

ያለ ማዘዣ የሚሸጡ አሉ፣ ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ፣ የቃር መድሃኒት የመሳሰሉት። አንቲባዮቲክ ግን በሕግም በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ ነው። ዳይክሎፌናክ ላይ ጨጓራ አለህ ወይ ያሉህ ለወሬ አይደለም፣ ቁስል ያለው ሰው ባዶ ሆዱን ሁለት ሦስት ቀን ቢውጠው ጨጓራው ሊደማ ይችላል፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወይ ደም አስመልሶ ሆስፒታል የሚገባ ሰው አለ። ኩላሊቱ የተጎዳ፣ ደም ብዛት ያለበት፣ አስም ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች፣ ሁሉም ከሱ ይጠንቀቁ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አሞክሳሲሊን ከዋጠ ፊቱ አብጦ ትንፋሹ ሊያጥረው ይችላል፣ ያንን ማወቅ የምችለው አንተ ከነገርከኝ ብቻ ነው። ምንም ሳይጠይቅህ የሸጠልህ ሰው አላከበረህም ወንድሜ፣ ያከበረህ የጠየቀህ ነው።

ሰው ፊት መናገር ካልፈለክ «ለብቻ ላናግርህ» በል፣ ይሄ መብትህ ነው፣ ቦታ ባይኖር እንኳ ወረፋው እስኪያልፍ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናወራለን። ገንዘብ ካነሰህም ንገረን፣ ሐኪሙ የጻፈው ውዱ ከሆነ ያው ንጥረ ነገር ያለው በሌላ ፋብሪካ የተሰራ ርካሽ ሊኖር ይችላል። ገበያ መሃል ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ኪኒን ግን ርካሽ ነው ብለህ አትግዛ። የተጠራጠርከው መድሃኒት ካለ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው።

ጥርሱን በተመለከተ፣ ኪኒን ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የተቦረቦረ ጥርስ አይሞላም፣ መግል የያዘም ከሆነ መግሉ ካልወጣ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድንህም። ጥርስ ሐኪም ጋ ሂድ። ፊትህ ካበጠ፣ አፍህን መክፈት ወይ መዋጥ ካቃተህ ዛሬውኑ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም፣ ከባቲ ነው። አባቴ 62 ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይወስዳል። ባለፈው ረመዳን ከአስር ሰላት በኋላ አላበውና ተንቀጥቅጦ ወደቀ፣ ስኳር በውሃ አጠጥተን ነው የነቃው። ዘንድሮም ወላሂ እጾማለሁ ብሏል። እናቴ ደሞ ኢንሱሊን ናት፣ ፍሪጅ የለንም፣ የባቲን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። አባባ ላይ የደረሰው ስኳር ማነስ ይባላል፣ እናንተም ስኳር በውሃ ማጠጣታችሁ ትክክል ነበር፣ ብቻ ሰውየው ራሱን ስቶ መዋጥ ካልቻለ አፉ ውስጥ ምንም እንዳታፈሱ፣ ያንቀዋል፣ ወደ ጤና ተቋም ነው መሮጥ።

ከሁለቱ መድሃኒቶች ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ብዙም ከልክ በታች አያወርድም። ግሊቤንክላማይድ ግን ሰውዬው በላም አልበላም ቆሽቱን ኢንሱሊን አውጣ ይለዋል፣ ስሁር ላይ ከዋጠው ቀኑን ሙሉ ይሰራል፣ ሆዱ ባዶ በሆነበት ከሰዓት በኋላ ይጥለዋል። አምና የሆነው ይሄው ይመስለኛል። ስለዚህ ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ወር ተኩል ሁለት ወር በፊት ሐኪሙ ጋ ውሰደው፣ ሐኪሙ ወይ መድሃኒቱን ይቀይርለታል ወይ ልኩን ቀንሶ ከፍጡር ጋር ያደርግለታል ወይ ደሞ ዘንድሮ አትጹም ይለዋል። ይሄን እቤት ቁጭ ብላችሁ በራሳችሁ አትወስኑት፣ መድሃኒቱን ጨርሶ አቁሞ መጾምም መፍትሄ አይደለም፣ ያኔ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣና በሌላ በኩል ይጎዳል።

ከተፈቀደለት የስኳር መለኪያ ማሽን እቤት ይኑር። ጠዋት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከማፍጠሪያ ሰዓት በፊትና ሕመም በተሰማው ጊዜ ሁሉ ይለካ፣ ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያስፈታም ብለው የሃይማኖት አዋቂዎች ተናግረዋል፣ ልቡ ካላረፈ የሰፈራችሁን ሸህ ይጠይቅ። ቁጥሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይ ከ300 በላይ ከወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ 10 ደቂቃ ቢቀራትም ያፍጥር። ካነሰው 3 ወይ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ። ስሁርን አያሳልፍ፣ ወደ ንጋቱ ገፋ አድርጎ ይብላ። ፍጡር ላይ ቴምሩ አንድ ሁለት ፍሬ ይበቃል፣ ሹርባው ጥሩ ነው፣ ሳምቡሳውን ይቀንስ፣ ውሃ እስከ ስሁር ድረስ ደጋግሞ ይጠጣ።

አባባ «ወላሂ» ካለ ቃሉን ማጠፍ እንደሚከብደው አውቃለሁ፣ የወሎ ሽማግሌ እንደሱ ነው። ግን ቁርአን ራሱ በአል በቀራ ምዕራፍ የታመመ ሰው እንዲያፈጥርና በሌላ ቀን እንዲያወጣው ፈቅዷል። ሐኪሙም ሸሁም አንድ ላይ ቢነግሩት ይሰማል፣ ልጅ ብቻውን ሲነግር አይሰማም፣ ስለዚህ ሸሁን ቀድማችሁ አናግሯቸው። እግረ መንገዴን ለክርስቲያን አንባቢዎቼም፣ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ የስኳር ታማሚዎች ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ውጣችሁ መቆየት ያው አንድ አደጋ ነው፣ የነፍስ አባታችሁንም ሐኪማችሁንም አማክሩ።

ወደ እናታችሁ ልምጣ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ጾሙ የበለጠ ስለሚከብዳቸው ከሐኪም ፈቃድ ውጪ አይሞከርም። ኢንሱሊኑ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቀመጥ ያለበት። የተከፈተው ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካልበለጠ ያለ ፍሪጅም እስከ 28 ቀን ይሰራል፣ የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉት። ባቲ ላይ ቤቱ ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ ሁለት የሸክላ ዕቃ አዘጋጁ፣ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀምጡና መሃላቸውን በአሸዋ ሙሉት፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፍክፉበት፣ ብልቃጡን እንዳይረጥብ በፌስታል ጠቅልላችሁ ትንሹ ውስጥ ከታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። በየጊዜው ከጤና ተቋም የምትወስዱትን ብዛት ቀንሱና ትርፉን ፍሪጅ ያለው ዘመድ ጋ አስቀምጡ፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን በፍጹም፣ አንዴ በረዶ የሰራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሰራም። ከደሴ ገዝታችሁ ስትወርዱም መኪናው መስታወት ስር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ወልድያ። የገዛሁት መድሃኒት ሳጥን ላይ ኤክስፓየር ዴቱ 04/2026 ይላል። እኛ ገና 2018 ላይ ነን፣ 8 ዓመት ይቀረዋል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እንኳን ጠየቅክ። ሳጥን ላይ ያለው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 04/2026 የተባለው እስከ ኤፕሪል 30 ነው፣ በኛ ሚያዝያ 22 ቀን 2018። ከጃንዋሪ እስከ እንቁጣጣሽ ያለውን 8 ዓመት ቀንስ፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለውን 7። ስትገዛ ፋርማሲስቱ በኛ አቆጣጠር ፖስታው ላይ እንዲጽፍልህ ጠይቅ። የዓይን ጠብታ ከሆነ ግን ሳጥኑ ላይ ያለው ቀን ሳይከፈት ነው፣ ከተከፈተ 28 ቀን ሲሞላው ይጣላል።

ሰዓትም እንደዚሁ ያሳስታል። «በየ8 ሰዓቱ» ሲባሉ ቀን 8 ሰዓት ላይ አንዴ ብቻ የሚውጡ ሰዎች አሉ። በቀን 3 ጊዜ ማለት ነው፣ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓት፣ ማታ 5 ሰዓት።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ ደሴ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ። ለማድያት ብዬ ውበት ሳሎን የሚሸጥ ሚክስ ቅባት ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ፊቴ ጠራ፣ በጣም አማረብኝ። አሁን ግን ቀላ፣ ብጉር ወጣብኝ፣ ሁለት ቀን ካልተቀባሁ ያቃጥለኛል፣ ፀሐይ ላይ መውጣት አልችልም። ሰው ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

መልስ፦ እናቴ፣ ከማፈርሽ በፊት አንድ ነገር ስሚኝ፣ ይሄ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ውስጡ ያለውን ማንም አልነገረሽም። እነዚህ ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ቤታሜታሶን ወይ ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሃይድሮኪኖን ወይ ሜርኩሪ ይጨመርበታል። ክሎቤታሶል ከቆዳ ስቴሮይዶች ሁሉ ኃይለኛው ነው፣ ሐኪም ሲያዝ እንኳ ለጥቂት ሳምንት ለወፍራም ቆዳ ነው፣ ፊት ላይ አይደረግም። መጀመሪያ ያጠራል ያለሽው እውነት ነው፣ ቆዳውን ስለሚያቀጥነው ነው፣ ከዚያ የደም ስሮቹ ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል፣ ቆዳው ይለምደውና ሲቆም ይቆጣል። ሲያቃጥልሽ መልሰሽ ስትቀቢ ያስታግስልሻል፣ በዚያው ትቀጥያለሽ፣ ወጥመዱ ይሄ ነው።

አሁን ቆዳ ሐኪም ያስፈልግሻል። ደሴ ስላለሽ ዕድለኛ ነሽ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ዱሮም የታወቀ ነው፣ ቅባቱን ከነዕቃው ይዘሽ ሂጂ። እስክትሄጂ ድረስ ሌላ አዲስ ነገር አትሞክሪ፣ ሎሚም ቢሆን። ፊትሽን በለስላሳ ሳሙና ታጠቢ፣ ቫዝሊን ይበቃሻል፣ ስትወጪ ሻሽሽን ወይ ጃንጥላ ያዢ። ጥቂት ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ግን ይሻሻላል።

ለመወፈር ብላችሁ ዴክሳሜታሶን የምትውጡ ልጆችም ይሄንኑ አንብቡ። እሱም ስቴሮይድ ነው፣ ያበጠው ፊት ውፍረት አይደለም፣ ስኳርና ደም ብዛት ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል። ብዙ ከወሰዳችሁት ግን በአንድ ቀን አታቁሙት፣ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚተው ድንገት ሊጥላችሁ ይችላል፣ በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

ጥያቄ፦ ከሐርቡ ነኝ። ወባ ይዞኝ ኮአርተም 24 ፍሬ ሰጡኝ፣ በሁለተኛው ቀን ድኜ 8 ፍሬ አስቀመጥኩ። ወንድሜ ትኩሳት ቢይዘው ብሰጠው ምን አለበት?

መልስ፦ አለበት ወንድሜ። ያስቀመጥካቸው 8 ፍሬዎች የሦስተኛው ቀን ያንተ ድርሻ ነበሩ። ትኩሳቱ የጠፋው አብዛኛው ጥገኛ ተህዋስ ስለሞተ ነው፣ የተረፈው ግን ተመልሶ ሊበዛብህ ይችላል። ኮአርተም ለአዋቂ 4 ፍሬ ነው፣ ሁለተኛው ዶዝ ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ ባጠቃላይ 6 ጊዜ። ወተት ወይ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ ወደ ደም አይገባም፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰህ ዶዙ ይደገማል።

ለወንድምህ 8 ፍሬ የሁለት ጊዜ ነው፣ አያድነውም። ትኩሳት ሁሉ ደሞ ወባ አይደለም፣ ታይፎይድም ሌላም ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ወባ ቢሆንም ዓይነት አለው፣ ቫይቫክስ የሚባለው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ የሚነሳ ስለሆነ ፕሪማኩዊን ተጨምሮ ለ14 ቀን ይታዘዝለታል፣ እሱ ደሞ ለእርጉዝ አይሰጥም። ያለችህን 8 ፍሬ ወደ ጤና ጣቢያው መልሳት።

ጥያቄ፦ ሐይቅ፣ መምህር ነኝ። የደም ብዛት መድሃኒት አንዴ ከጀመሩት አይቆምም እንደ ሱስ ነው ይሉኛል። ኢናላፕሪል ታዞልኝ ደረቅ ሳል አስቸገረኝ፣ ደህናም ስለሆንኩ ተውኩት። ሐሙስና ቅዳሜ በርጫ አለችኝ፣ ችግር አላት?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሱስ አይደለም። ደም ብዛቱ ራሱ የማይለቅ ስለሆነ ነው መድሃኒቱም የማይቆመው። «ደህና ነኝ» የሚሉትም መድሃኒቱ ስለሰራ ነው፣ ደም ብዛት እስኪጥል ድረስ ሕመም የለውም፣ አንዳንዱ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ስትሮክ ሲመታው ነው። ሳሉ የኢናላፕሪል የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፣ አይደናገጡ፣ ሐኪሙ ሎሳርታን ወይ አምሎዲፒን ሊቀይርልዎ ይችላል። መፍትሄው መቀየር ነው፣ መተው አይደለም። በዚህ ሳምንት ይለኩ፣ ከመለካትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ 5 ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ፣ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይደገፍ፣ እየተለኩ አያውሩ። በተለያየ ቀን 140/90 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ነው።

በርጫዋ ችግር አላት፣ ልሸሽግዎ አልችልም። ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ ከነጭራሹ ቢተዉት ነው የምወደው፣ ካልሆነ እንኳ ይቀንሱ፣ የቃሙበትን ቀን መድሃኒቱን አይዝለሉ። አንቲባዮቲክ ላይ ያለ ሰውም ይስማኝ፣ ጫት አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን ወደ ደም እንዳይገቡ ስለሚቀንስ ቅሞ ከጨረሰ ቢያንስ 2 ሰዓት ቆይቶ ይዋጥ። ለወገብዎ ብለው ዳይክሎፌናክ የሚውጡ ከሆነም ይንገሩን፣ ግፊት ይጨምራል። ጨው ይቀንሱ፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የገባውንም ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ወረኢሉ። የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የደም ማነስ ኪኒን ሰጥተውኛል። ሰገራዬ ጠቆረ፣ ያቅለሸልሸኛል። ከቡና ጋር ልውሰደው?

መልስ፦ መጥቆሩ የብረቱ ቀለም ነው፣ አትፍሪ። ማቅለሽለሹ እንዲቀልልሽ ማታ ልትተኚ ስትይ ውሰጂው፣ ትንሽ ነገር ቀምሰሽም ቢሆን። ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ጋር ግን አይሆንም፣ ብረቱን ይዘውት ይወጣሉ። ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተሽ ከጨረስሽ በኋላ 2 ሰዓት ጠብቂ፣ ከተገኘ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ዋጪው፣ የበለጠ ይገባል። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ኪኒኑን ቁም ሳጥን ላይ ቆልፊበት፣ ከረሜላ ይመስለዋል፣ ጥቂት ፍሬ የብረት ኪኒን ትንሽ ልጅ ሊገድል ይችላል። ከዋጠ ምንም ሳያሳይ ቢጫወት እንኳ የቀረውን ፖስታ ይዘሽ ወዲያው ሆስፒታል ውሰጂው።